ባለ ሁለት ፕሮሰሰር ኮምፒውተር ለሠርግ ቪዲዮ ሥራ ያዋጣል?

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ጤና ይስጥልኝ። የምተዳደረው የሠርግ ቪዲዮ በማቀናበር ሲሆን፣ ባለ አራት ኮር (የፕሮሰሰር የሥራ ክፍል) ኮምፒውተሬ የጥር ሠርግ ሲደራረብ ሥራውን አልችል ብሎኛል። አንድ ነጋዴ ዜኦን ኢ5-2680 ቪ4 የተባለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ሁለት የተገጠመለት ያገለገለ ዎርክስቴሽን (ለከባድ ሥራ የሚሆን ኮምፒውተር) አቅርቦልኛል፤ እያንዳንዱ 14 ኮር ስላለው በድምሩ 28 ይሆናል። ዋጋው ግን ከአዲስ ባለ አንድ ፕሮሰሰር ኮምፒውተር ይበልጣል። ብልጫውን መክፈል ተገቢ ነው ትላላችሁ?

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት፦
ወንድሜ፣ 28 ኮር ማለት የሰባት እጥፍ ፍጥነት ማለት አይደለም። ከሥራው 60 በመቶው ብቻ ለብዙ ኮሮች የሚከፋፈል ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩን እጥፍ ቢያደርጉት የሚያገኙት ፍጥነት 1.43 እጥፍ ገደማ ነው፤ ቀሪው 40 በመቶ ተራውን ጠብቆ የሚሠራ ነውና። ክሊፕ ሲቆርጡና ወደፊትና ወደኋላ ሲያመላልሱ በአብዛኛው የሚፈለገው የአንዱ ኮር ፍጥነት ሲሆን፣ ይህ ዜኦን ከ3.3 ጊጋኸርዝ አያልፍም። ካሜራዎ ኤች.264 በሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ የሚቀርጽ ከሆነ ደግሞ አብዛኞቹ «ኢንቴል ኮር» የሚባሉት ፕሮሰሰሮች ክዊክ ሲንክ የሚባል ለቪዲዮ ብቻ የተሠራ ክፍል አላቸው፤ ዜኦኑ ግን የለውም። ሁለቱ ፕሮሰሰሮች እያንዳንዳቸው 120 ዋት ስለሆኑ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያቆይዎት ዩፒኤስም ከፍ ያለ መሆን አለበት። ለእኛ ለቆላ ሰዎች ሙቀቱ መከራ ነው፤ ለደብረ ብርሃን ብርድ ግን ማሞቂያ ይሆንዎት ይሆናል።

መልስ፣ ከሌላ የደብረ ብርሃን ሰው፦
እኔ የሕንፃ ምስል ብሌንደር በሚባል የ3ዲ ምስል ፕሮግራም ስለማወጣ ሁለት ፕሮሰሰር ጠቅሞኛል፤ ምስሉ ተከፋፍሎ ሁሉም ኮር የየድርሻውን ይሠራል። ለሠርግ ቪዲዮ ግን አልመክርም። ከገዙ ሁለት ነገር ያረጋግጡ፦ ዊንዶውስ 10 ሆም የሚያውቀው አንዱን ፕሮሰሰር ብቻ ስለሆነ ፕሮ የሚባለው ዕትም ያስፈልጋል፤ ራሙም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው) ለሁለቱም ፕሮሰሰር እኩል ተከፋፍሎ መሰካት አለበት፤ አለበለዚያ አንደኛው የሚፈልገውን መረጃ ሁልጊዜ ከጎረቤቱ እየተበደረ ይዘገያል። ከሁሉ በፊት ግን በአሁኑ ኮምፒውተርዎ ላይ ታስክ ማናጀር የሚባለውን የዊንዶውስ መቆጣጠሪያ ከፍተው፣ ሥራ ሲበዛ የኮሮቹን መስመር ይመልከቱ።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ይዤ ሞከርኩ። የመጨረሻውን ፋይል ሲያወጣ አራቱም መስመሮች ጣሪያ ነክተዋል፤ ስቆርጥና ቀለም ሳስተካክል ግን አንዱ ብቻ ሲንር ሦስቱ ወለል ላይ ተኝተዋል። ሙሉ ቀን ቁጭ ብዬ የምሠራው ቆረጣውን ሲሆን፣ ፋይሉን ማውጣት እኔ ተኝቼም ይደርሳል። ስለዚህ ባለ አንዱን ገዝቼ የተረፈውን ገንዘብ ለግራፊክስ ካርድና ለኤስኤስዲ (ፈጣን የፋይል ማከማቻ) አውላለሁ።