ልጄ «ባ»ን ገልብጣ ትጽፋለች፣ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት ተጠርቻለሁ

የልጅቷ እናት (ማራኪ)፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ልጄ ዩኬጂ ናት። ዛሬ ደብተሯ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ፊደል አትለይም፣ ወላጅ ይምጣ» ተብሎ መጣ። «አባባ» ጻፊ ስላት «አቦቦ» ብላ ትጽፋለች፣ «ዳቦ»ን ደግሞ «ዳባ»። ነገ 2 ሰዓት እቀርባለሁ። ትድገም ቢሉኝ ምን ልበል? እስካሁን ሳስጽፋት ነው ያመሸሁት፣ አልቅሳ ተኛች።

የአራዳው፦ እኛ የኔታ ዘንድ ሀሁውንም አቡጊዳውንም በቃላችን ለይተን ነው ዳዊት የደገምነው። እርሳስ የያዝነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የዛሬ ልጅ ማንበብ ሳይችል ጻፍ ይባላል!

ቤዛ፦ አንድ ገጽ ሙሉ ባ ባ ባ እያለች ትጻፍ፣ ይለቃታል።

አባት ነኝ፦ ቆይ፣ ትድገም ማን አለሽ? ወላጅ ይምጣ ነው ያሉሽ። ሳትሰሚ አትደንግጪ።

መምህርት ከአዘዞ፦ እህቴ፣ ዕድሜዋን አልነገርሽንም እኮ። «ባ» ቀኝ እግሩ ይረዝማል፣ «ቦ» ግራው። አንዱን በመስታወት ብታዪው ሌላውን ነው የምታገኚው፣ ሳና ሶም እንደዚያው። እስከ 7 ዓመት ገደማ ብዙ ልጅ ይገለብጣል። ስለዚህ ስትነቃ ባና ቦን ለየብቻ ጽፈሽ አስነብቢያት። አንብባ ከለየች ፊደሉን ታውቀዋለች፣ እጇ ላይ አቅጣጫው ነው የጠፋት። ከዚያ ባዶ ወረቀት ስጫት፣ የፈለገችውን ትሳል፣ ከሥሩ የራሷን ቃል ትጻፍ። ምን እንደጻፈች ጠይቂያትና ያለችውን አንቺ ከጎኑ ጻፊው፣ ቀኑንም አትርሺ። የመስከረሙን ደብተር ከዛሬው ጋር ይዘሽ ሂጂ። መስከረም ላይ ጭረት ብቻ ከነበረና ዛሬ ድምፁን እየሰማች ቃል ከጻፈች፣ መታየት ያለበት እሱ ነው።

ቤዛ፦ እኔ አሁንም ገጽ ሙሉ ትጻፍ ባይ ነኝ።

መምህርት ከአዘዞ፦ ቤዛዬ፣ አልቅሳ የተኛች ልጅ ናት። ይልቅ ትሪ ላይ ዱቄት በትና በጣቷ ትጻፍ።

የሦስት ልጆች እናት፦ የእኔው ስሙን ገልብጦ በር ላይ ለጥፎት እንግዳ ሁሉ አንገቱን እያጣመመ ነበር የሚያነበው 😀 አሁን 3ኛ ክፍል ነው፣ ጽሑፉ ከእኔ ይበልጣል።

የልጅቷ እናት (ማራኪ)፦ 6 ልትሞላ ሁለት ወር ቀርቷታል። አሁን ነቅታ አስነበብኳት፣ ሁለቱንም ለየች! የመስከረሙን ደብተር ግን አጣሁት፣ ቁም ሣጥኑን እያገላበጥኩ ነው።