«ዘረፋ» ሁሉ አንድ አይደለም፦ ለቅጂ መብት ሕጉ የምናቀርበው ሐሳብ (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ የተባባልነውን ታስታውሳላችሁ። የቅጂ መብት ሕጉ እንደገና መነካቱ አይቀርም፤ ያኔ የእኛም ማኅበር የሚለው ይኑረው ብለናል። ሐሳቡ ከሁለት ገጽ እንዳይበልጥ። ከሁለት ገጽ በላይ የሚያነብ የለም፤ እኔ ራሴም አላነብም። ፎቶ የምታነሡም፣ ቪዲዮ የምትሠሩም፣ የምታስተምሩም እዚህ ስላላችሁ እስከ ዓርብ ማታ እዚሁ እንጨርሰው። መነሻ ጥያቄ ልወርውር፦ ሰው የሠራውን ኢንተርኔት ላይ ማጋራት ስርቆት የሚሆነው መቼ ነው?

ፎቶ ቤት፣ ፍኖተ ሰላም

ሳይጠይቁ ከወሰዱ ስርቆት ነው። በቃ።

ባለፈው ኅዳር ጮቄ ላይ ያነሣሁትን ፎቶ አይታችሁታል። ለእሱ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው የተነሣሁት። ብርዱ ጣቴን አደንዝዞት ካሜራውን በጥርሴ ልነካው ምንም አልቀረኝ። ፀሐይዋ ስትወጣ ጅብራው ላይ ያለው አመዳይ ብልጭ አለ፤ ያቺን ነገር ነው የያዝኳት። ስሜን ከታች በቀኝ በኩል ጻፍኩበት። አንድ ትልቅ ገጽ ምን አደረገ? የታችኛውን ክፍል ቆርጦ ጣለው። ስሜም ሄደ፣ የጅብራው ግማሽም ሄደ። «ውቧ ሀገሬ» ብሎ ለጠፈው፤ ሰው ሁሉ ተቀባበለው።

ከወር በኋላ አንድ ደንበኛ ያንኑ ፎቶ ስልኩ ላይ ይዞ መጣ። «እንዲህ ያለ ታነሣለህ ወይ?» አለኝ።

መምህርት፣ ሞጣ

ጋሼ፣ በፎቶዎ በጣም አዝኛለሁ። ግን «ሳይጠይቁ ከወሰዱ ስርቆት ነው» ካልን እኔም ሌባ ነኝ። ለተማሪዎቼ ከመጽሐፍ ሥዕል ቀድቼ አሳያለሁ። ካርታም፣ ዲያግራምም እወስዳለሁ። ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ልጻፍ?

የእኔን ጉድ ደግሞ ስሙት። ባለፈው ክረምት ስለ ፎቶሲንተሲስ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ አርባ ደቂቃ ቀረጽኩ። ጎረቤት ሠርግ ነበር። የድንኳኑ ስፒከር በመስኮት ይገባል። ቪዲዮውን ኢንተርኔት ላይ በለቀቅኩ በሰዓቱ የሰው ሙዚቃ የሚያጣራው የገጹ ማሽን ዘፈኑን ለይቶ ድምፁን እንዳለ ዘጋው። አሁን ብታዩት እኔ አርባ ደቂቃ እጄን ሳወዛውዝ ነው የሚታየው። አቤት ለማለት ሞከርኩ። የሚመልስልኝ ሰው አላገኘሁም፤ መልሱ ሁሉ ቀድሞ የተጻፈ ነው።

የሕግ ተማሪ፣ ባህር ዳር

ሁለቱንም ታሪክ ሕጉ ላይ አስቀምጬ ላሳያችሁ፤ አሁን ያለን ሕግ ምን እንደሚል ሳናውቅ ማሻሻያ መጻፍ አይሆንም።

መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በ2007 በአዋጅ 872 ተሻሽሏል፤ የዚያ ማሻሻያ ዋና ነገር ሮያሊቲ (ሥራው ሲጠቀሙበት ለባለቤቱ የሚከፈለው) እና እሱን ለባለቤቶቹ የሚሰበስበው የጋራ አስተዳደር ማኅበር ነበር። አስቡት፤ ዋናው አዋጅ ሲወጣ ዩቲዩብ ገና አልተፈጠረም። ሰዉ የሚፈራው ካሴትና ሲዲ የሚያባዛውን ነበር።

ጋሼ፣ የሥራ ባለቤት ስሙ እንዲጠራለት መብት አለው። እሱ ከገንዘቡ ጥቅም የተለየ ነገር ነው፤ የሞራል መብት ይባላል። ስለዚህ ስምዎን መቁረጡ ለብቻው ጥፋት ነው። ፎቶ ጥበቃ የሚያገኘው ግን ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ነው። ድርሰት ደግሞ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት።

መምህርት፣ እርስዎም ሌባ አይደሉም። ለማስተማር ሲባል የታተመ ሥራን በመጠኑ መቅዳት ተፈቅዷል፤ ምንጩንና ስሙን መጥቀስ ነው። ጥቅስም ተፈቅዷል። ለራስ አንድ ቅጂ ማድረግም እንዲሁ። ችግሩ «ለራስ» የሚለው ነው። ሦስት መቶ ሰው ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ «ራስ» አይባልም።

ንባብ ክበብ፣ ቡሬ

እኛም የምንጠይቀው አለ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ምዕራፍ በምዕራፍ እያነበብን ቴሌግራም ላይ ልንለቅ አስበናል። ሐዲስ ዓለማየሁ የአገራችን የጎጃም ሰው ናቸው፤ መጽሐፉም ስለ እኛው አገር ነው። በሬዲዮ ሲተረክ እየሰማን ነው ያደግነው። ይሄም ክልክል ነው?

የሕግ ተማሪ፣ ባህር ዳር

አገር ልጅነት ፈቃድ አይሆንም፣ ይቅርታ። ሐዲስ ያረፉት በ1996 ነው፤ አዋጁ የወጣበት ዓመት መሆኑ ይገርማል። 50 ዓመት ሲጨመርበት እስከ 2046 ገደማ የወራሾች ነው። ፈቃድ ጠይቁ። አንድ ምዕራፍ ላይ ውይይት አድርጋችሁ ጥቂት መስመር ብትጠቅሱ ግን ማንም አይነካችሁም። ለዓይነ ስውራን ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ ኢትዮጵያ ለእነሱ መጽሐፍ ማዘጋጀትን የሚያቃልለውን የማራካሽን ስምምነት ከተቀላቀለች ቆይታለች። እሱን ለይተን ብንጽፍ ደስ ይለኛል።

ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ

የመጀመሪያ ረቂቅ ልለጥፍ፦ «የሌላ ሰው ሥራ ያለ ፈቃድ በማኅበራዊ ሚዲያ ሼር ማድረግ የተከለከለ ይሁን፤ መድረኮችም (ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና የመሳሰሉት) ይህን የማስቆም ግዴታ ይኑርባቸው።» ምን ትላላችሁ?

መምህርት፣ ሞጣ

አይሆንም። ይሄ እኮ ያንኑ የእኔን ማሽን በሕግ መሾም ነው።

የሕግ ተማሪ፣ ባህር ዳር

መምህርት ልክ ናቸው። አውሮፓ ላይ ይሄው ክርክር ነው የተነሣው። እ.ኤ.አ. በ2019 የአውሮፓ ፓርላማ በ348 ድምፅ ለ274 አዲስ የቅጂ መብት መመሪያ አጸደቀ። አንቀጽ 17 ላይ ትልልቅ መድረኮች ሰው ለሚጭነው ነገር ተጠያቂ ሆኑ። ተጠያቂ የተደረገ ድርጅት ምን ያደርጋል? ከመቀጣት መዝጋት ይሻለዋል። ስለዚህ ሁሉን አስቀድሞ የሚያጣራ ማሽን ይመጣል ተብሎ ሰዉ አደባባይ ወጣ። መመሪያው ጥቅስ፣ ትችትና ቀልድ እንዳይነኩ ይላል። ማሽን ግን ቀልድ አይገባውም።

ጀርመኖች መፍትሔ ብለው ቁጥር አስቀመጡ። ከዘፈን ወይም ከፊልም እስከ 15 ሰከንድ፣ ከጽሑፍ እስከ 160 ፊደል፣ ለንግድ ካልሆነ፣ ማሽኑ ወዲያው እንዳያግደው የሚል ነው። እኛም እንዲህ ያለ ቁጥር ብንጠይቅ?

የቅኔ ተማሪ፣ ደብረ ኤልያስ

እኔ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። 160 ፊደል የሚለው ግን አስደነገጠኝ።

ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔ ስንት ቤት ነው? ሁለት። ሁለቱ ቤት አንድ ላይ 160 ፊደል አይሞላም። የእኛ ፊደል እኮ አንዱ ከነአናባቢው ነው፤ የእነሱን ሁለት ሦስት ፊደል በአንድ ይይዛል። ስለዚህ በጀርመኖቹ ልክ ብንሄድ አንድ ሰው የኔታ ሌሊቱን ሲያወጡ ሲያወርዱ ያደሩበትን ቅኔ ከነሰሙ ከነወርቁ፣ አንድም ሳይቀር ወስዶ «ትንሽ ነው የወሰድኩት» ይላል። ለነሱ ቁራጭ የሆነው ለእኛ ሙሉ ሥራ ነው።

ደግሞ ስለ ስርቆት ስታወሩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኛ ዘንድ ቅኔ «ይዘረፋል»። ዘረፈ ማለት እዚያው በቃሉ አወረደው ማለት ነው፤ ሙገሳ ነው። የሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያለ ግን ጉባኤ ላይ ዓይኑን ማንሣት አይችልም። የሰው ከሆነ «የእገሌ ነው» ተብሎ ይነገራል፤ ያኔ ማንም አይከፋም፣ እንዲያውም ባለቤቱ ይከበርበታል። ሰዉ ሲያጋራው ሳይሆን ስሙ ሲጠፋ ነው ጸቡ።

አሁን በየማኅሌቱ ስልክ ተደቅኗል። የኔታ የዘረፉት ሳያልቅ ቲክቶክ ላይ ነው። ከሥር የሚጻፈው ግን የቀረጸው ልጅ ገጽ ስም ነው።

ፎቶ ቤት፣ ፍኖተ ሰላም

እንዴ! የኔታም እንደ እኔ ተቆረጡ ማለት ነው።

የሕግ ተማሪ፣ ባህር ዳር

ይሄ ነጥብ ከባድ ነው። ሕጉ ሥራው ወጥ (ከሌላ ያልተቀዳ) እንዲሆንና በሆነ ነገር ላይ እንዲቀረጽ ይፈልጋል። በቃል ብቻ የተባለ ቅኔ እንግዲህ ሜዳ ላይ ነው። የሚቀርጸው ደግሞ የዚያ ልጅ ስልክ ነው። ቀራጩ ግን ደራሲ አይደለም፤ ይሄ በግልጽ መጻፍ አለበት። ቁጥሩን ትቼዋለሁ፤ «መጠኑ ከሥራው ሙሉነት ጋር ይታይ» እንበል።

ቪዲዮ ሠሪ፣ ዳንግላ

የእኔን በአጭሩ። የሠርግ ዘፈን፣ ሽለላ፣ ቀረርቶ የሕዝብ ነው። አንዱ ስቱዲዮ ገብቶ ቢቀርጸው የቀረጸው ድምፅ የእሱ ነው፤ ዜማው ግን አይደለም። እኔ የመንደሬን እናቶች ሲዘፍኑ ቀርጬ «የሰው ሙዚቃ ነው» ተብዬ ታግጃለሁ። እናቶቹ ከዘፋኙ በፊት ነበሩ እኮ። ይግባ ይሄ።

ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ

ገብቷል። አሁን የሚቀረው የማውረዱ፣ ማለትም የተለጠፈውን ከገጹ የማስነሣቱ ጉዳይ ነው። ፎቶ ቤት፣ አንተ ምን ትፈልጋለህ?

ፎቶ ቤት፣ ፍኖተ ሰላም

እንደጠቆምኩ ወዲያው ይውረድ። ስከራከር ወር ከቆየ ፎቶው አገር አዳርሶ ያልቃል፤ ካለቀ በኋላ ቢወርድ ምን ይጠቅመኛል?

መምህርት፣ ሞጣ

እንደተጠቆመ ወዲያው ከወረደ ግን ጠላት ያለው ሰው ሁሉ ቪዲዮው ይወርዳል። ሰው አልተስማማኝም ብሎ ሪፖርት ቢያደርግስ? በምርጫ ጊዜ የሚሆነውን አስቡት። ጠቋሚው ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። እኔም መልስ የምሰጥበት ጊዜ ይሰጠኝ።

የሕግ ተማሪ፣ ባህር ዳር

አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ሕግ ከሁለታችሁም ሐሳብ ጋር ይዛመዳል። ባለቤቱ በጽሑፍ ያመለክታል፤ መድረኩ ያወርዳል። የተወረደበት ሰው ደግሞ «ስህተት ነው» ብሎ መልስ ይጽፋል፤ ባለቤቱ ፍርድ ቤት ካልሄደ ሥራው ይመለሳል። ጉድለቱ መጀመሪያ መውረዱ ነው። ሰዉም ፈርቶ መልስ አይጽፍም።

ለያይተን ብናየውስ? ስም ተቆርጦ የወጣ ወይም ለሽያጭ የዋለ ከሆነ ወዲያው ይውረድ። ስም ተጠቅሶ ለትምህርት፣ ለትችት ወይም ለቀልድ የዋለ ከሆነ ግን መጀመሪያ ይጠየቅ፤ 48 ሰዓት ይሰጠው፤ የሚወስነውም ሰው ይሁን።

ፎቶ ቤት፣ ፍኖተ ሰላም

48 ሰዓት ይበዛል... እሺ። ስሜን ካልቆረጠ ምን ቸገረኝ፤ ለኔም ማስታወቂያ ነው። አንድ ነገር ግን አልለቅም፤ የፎቶ 25 ዓመት ይስተካከል። በሃያ አምስት ዓመቴ ያነሣሁት ፎቶ በሃምሳ ዓመቴ የማንም ይሆናል። ደራሲ ከሞተ በኋላ እንኳ 50 ዓመት ይቆጠርለታል፤ እኔ በቁሜ?

ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ

ሁለተኛው ረቂቅ ይኸውና፤ በእናንተው ቃል ነው የጻፍኩት፦

«ሕጉ የሥራን ባለቤት ስም የሚያጠፋውን እና ስም ጠርቶ የሚያጋራውን ለይቶ ይይ። ሊንክ ማጋራት እንደ መቅዳት አይቆጠር። ለማስተማር፣ ለመተቸትና ለመቀለድ የሚደረግ አጠቃቀም ኢንተርኔት ላይም እንደሚሠራ በግልጽ ይጻፍ፤ መጠኑ በሰከንድና በፊደል ቁጥር ብቻ አይለካ፤ ሁለት ቤት ሙሉ ሥራ የሆነበት አገር ነውና። በቃል የተነገረ ቅኔና ግጥም ቢቀረጽ ደራሲው ተናጋሪው ነው። የሕዝብ ዜማን ማንም በስሙ አያስይዝ። አቤቱታ አቅራቢ ስሙን ይግለጽ፤ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ይጠየቅ። ለዓይነ ስውራን በድምፅ የሚዘጋጅ መጽሐፍ ፈቃድ እንዳያስፈልገው ዝርዝሩ ይውጣ። የፎቶ የጥበቃ ዘመን ከሌሎች ሥራዎች ጋር ይስተካከል።»

የ48 ሰዓቱን ለብቻው አንቀጽ አደርገዋለሁ። የቀረ አለ?

መምህርት፣ ሞጣ

የአቤቱታው ቅጽ በአማርኛም ይሁን የሚል ጨምርበት። ሌላ የለኝም።

የቅኔ ተማሪ፣ ደብረ ኤልያስ

የኔታን አንብቤላቸዋለሁ። «ሁለት ቤት ሙሉ ሥራ» የምትለዋን ወደዷት። «ዘረፋ»ን ግን አታስገቡ አሉ፤ ባለሥልጣኖቹ በአዲስ አበባ ጆሮ ነው የሚሰሟት።

ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ

እሺ፣ ቀርታለች። ቅዳሜ አትሜ ለሚፈርሙት አዞራለሁ። ፎቶ ቤት፣ ለሽፋኑ የጮቄዋን ፎቶ ብትልክልን? ሳልጠይቅ እንዳልወስድ ነው። ስምህን የት ላድርገው?

ፎቶ ቤት፣ ፍኖተ ሰላም

ልኬያለሁ። ስሜን መሀል ላይ አድርገው፣ ጅብራው ግንድ ላይ። እንዳይቆረጥ።