ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተነሥቶ ስመ ጥር የሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት፦ የመግቢያ ፈተናውን ኤልሳትን ልድገመው ወይስ በያዝኩት ነጥብ ላመልክት?

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የመጀመሪያ ዲግሪዬን በመንግሥትና ፖለቲካ ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያገኘሁ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ሞንትጎመሪ ኮሌጅ በተባለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ተምሬአለሁ። የዩኒቨርሲቲው ጂፒኤዬ (አማካይ ውጤቴ) 3.8 ነው፤ ነገር ግን ከኢትዮጵያ በመጣሁበት ሰሞን፣ ሌሊት እየሠራሁ ቀን በተማርኩበት የኮሚዩኒቲ ኮሌጁ የመጀመሪያ ዓመት፣ ጥቂት ሲዎችና አንድ ዲ አሉብኝ። በኤልሳት 163 አምጥቻለሁ። ምኞቴ ጆርጅታውን፣ ኮሎምቢያ ወይም ሃርቫርድ ገብቼ ጄዲ (የጠበቃነት ዲግሪ) መማር ነው። በዚህ ነጥብ ዘንድሮ ላመልክት ወይስ አንድ ዓመት ታግሼ ፈተናውን ልድገመው?

ከማመልከቻው ጋር ስለሚያያዘው የግል መግለጫም ምክራችሁን እሻለሁ። ረቂቄ ከአዲስ አበባ እስከ ሜሪላንድ ያለውን ሕይወቴን በሙሉ ይተርካል፤ አንዱ አንቀጽ እናቴ ከቤት አከራይዋ የክስ ወረቀት በደረሳት ጊዜ ደረሰኞቿን ከተጠየቀችው ገንዘብ ጋር አስተያይቼ፣ የተከፈለ ወር እንዳልተከፈለ መቆጠሩን ያገኘሁበትን ቀን ያነሣል። በገንዘብ በኩል ቤተሰቤ ሊረዳኝ አይችልም።

መልስ (ጠበቃ፣ ኒው ዮርክ)

እህቴ፣ በመጀመሪያ ሊያውቁት የሚገባው ነገር ትምህርት ቤቶቹ የሚያዩት ጂፒኤ 3.8 አለመሆኑን ነው። ኤልሳትን የሚያዘጋጀው ኤልሳክ የተባለው ተቋም፣ የመጀመሪያ ዲግሪዎን ከመያዝዎ በፊት በኮሌጅ ደረጃ ያገኙትን ውጤት ሁሉ፣ የኮሚዩኒቲ ኮሌጁን ጨምሮ፣ አንድ ላይ አድርጎ እንደገና ያሰላዋል። ዲ ያገኙበትን ትምህርት ደግመው ወስደውት ቢሆን እንኳ፣ ሁለቱም ውጤቶች ከነክሬዲታቸው በትራንስክሪፕቱ ላይ ከሰፈሩ ሁለቱም ይቆጠራሉ። ከተመረቁ በኋላ የሚወስዱት ትምህርት ደግሞ ይህን ቁጥር አያሻሽለውም። ስለዚህ የጂፒኤው ነገር አልቋል፤ ሊለውጡት የሚችሉት ቁጥር ኤልሳት ብቻ ነው።

ፈተናው ከ120 እስከ 180 ባለው ነጥብ ይታረማል። በአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ዕውቅና የተሰጣቸው ትምህርት ቤቶች፣ ተቀብለዋቸው ትምህርት የጀመሩ ተማሪዎችን መካከለኛ የኤልሳትና የጂፒኤ ነጥብ በየዓመቱ 509 በሚባለው ሪፖርት የማውጣት ግዴታ ስላለባቸው፣ ከሰው ወሬ ይልቅ እሱን ይመልከቱ። እርስዎ በጠቀሷቸው በሦስቱም መካከለኛው የኤልሳት ነጥብ ከ170 በላይ ነው። ይህ ቁጥር የትምህርት ቤቱን ደረጃ ስለሚነካ፣ ከኤልሳትና ከጂፒኤ በአንዱ ከመካከለኛው በታች ሆኖ በሌላው በላይ የሆነ አመልካች ተስፋ አለው፤ በሁለቱም በታች የሆነው ግን በእጅጉ ይቸገራል። በ163 አያመልክቱ ብዬ በግልጽ እመክርዎታለሁ። በአምስት ዓመት ውስጥ እስከ አምስት ጊዜ መፈተን ይፈቀዳል፤ ትምህርት ቤቶቹ ሁሉንም ነጥቦችዎን ቢያዩም፣ በሪፖርታቸው የሚያስገቡት ከፍተኛውን በመሆኑ መድገሙ አይጎዳዎትም።

መልስ (የሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ፣ ዋሽንግተን ዲሲ)

በተባለው እስማማለሁ። ስለ ጥናቱ ልጨምር። ከኦገስት 2024 ወዲህ የእንቆቅልሽ ጨዋታ ይመስል የነበረው ክፍል ቀርቶ፣ ነጥብ የሚያዝባቸው ሁለት የአመክንዮ ክፍሎችና አንድ የንባብ ክፍል ሆነዋል፤ እያንዳንዳቸው 35 ደቂቃ ይወስዳሉ። በአሮጌ መጻሕፍት የሚያጠኑ ከሆነ ይህን ያስተውሉ። አመክንዮው ከነጥቡ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ስለሚይዝ፣ እንግሊዝኛን ዘግይተን ለተማርን ሰዎች ይህ ለውጥ ከባድም ጠቃሚም ነው፤ ሁሉም ነገር በጥንቃቄ በማንበብ የሚገኝ ሆኗልና።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። «በከተማው የብስክሌት መንገድ ከተሠራ በኋላ የመኪና አደጋ ቀነሰ፤ ስለዚህ አደጋውን የቀነሰው መንገዱ ነው» የሚል ክርክር ቢቀርብ፣ ጥያቄው የክርክሩን ድክመት እንዲያገኙ ይጠይቅዎታል። በዚያው ወቅት የነዳጅ ዋጋ ንሮ የመኪናው ቁጥር ቀንሶ ሊሆን ይችላል፤ ትክክለኛው ምርጫ ይህን ክፍተት የሚነካው ነው። እኔን የጠቀመኝ ዘዴ ፈተናውን በሰዓት ከሠሩ በኋላ መልሱን ሳያዩ የተጠራጠሩባቸውን ጥያቄዎች ያለ ሰዓት እንደገና መሥራት፣ ከዚያም አራቱ ምርጫዎች እያንዳንዳቸው ለምን እንደተሳሳቱ በጽሑፍ ማስፈር ነው። አድካሚ ነው፤ ነገር ግን በየቀኑ አዲስ ፈተና እየሠሩ መልስ ቆጥሮ ከማለፍ እጅግ ይሻላል። የቀድሞ ፈተናዎች ሎውሀብ በተባለው የኤልሳክ ገጽ ላይ ይገኛሉ፤ ከፊሎቹ ያለ ክፍያ ነው።

መልስ (የማመልከቻ ጽሑፎችን በፈቃደኝነት የማነብ፣ አትላንታ)

ውድ እህቴ፣ ሕይወትዎን በሙሉ በሁለት ገጽ መተረኩን ይተዉት። የስደት ታሪክ ያላቸው አመልካቾች ብዙዎች ናቸው፤ በትምህርት ቤቱ ማመልከቻዎን የምታነበው ሰው የምትፈልገው እርስዎ እንዴት እንደሚያስቡ ማየት ነው። የደረሰኙ ቀን ግን የእርስዎ ብቻ ነው። መግለጫውን ከዚያው ይጀምሩት፦ ወረቀቱ ምን ይል ነበር፣ ደረሰኞቹን በምን ቅደም ተከተል ደረደሩ፣ ስህተቱን ሲያገኙ ማንን አነጋገሩ፣ ጉዳዩስ በምን ተፈጸመ? ማስረጃን ከክስ ጋር ማስተያየት የጠበቃ ሥራ ስለሆነ፣ «ፍትሕን እወዳለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ፈጽሞ አያስፈልግዎትም።

የሌሊት ሥራውንና ሲዎቹን በግል መግለጫው ውስጥ አያስገቡ። ለዚያ የተለየ አጭር ማብራሪያ ማያያዝ ይፈቀዳል፤ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠሩ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነና ከዚያ በኋላ ውጤትዎ እንዴት እንዳደገ ያለ ምሬት በአንድ አንቀጽ ይጻፉ። ደግሞም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ2023 ውሳኔ ትምህርት ቤቶች ዘርን በራሱ እንደ መመዘኛ እንዳይጠቀሙ ቢከለክልም፣ አመልካች ማንነቱ በሕይወቱ ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ ከመጻፍ አላገደም።

መልስ (የተማሪ አባት፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ልጄ፣ እኔ የምነግርሽ ስለ ገንዘቡ ነው። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የአንድ ዓመት ጠቅላላ ወጪ ከ100,000 ዶላር ያልፋል። ቀድሞ ሙሉ ወጪውን ይሸፍን የነበረው ግራድ ፕላስ የተባለው የፌዴራል ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ተዘግቶ፣ ለሕግ ተማሪ የሚሰጠው የፌዴራል ብድር በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ሆኖ ተወስኗል። የቀረውን ከስኮላርሺፕ ወይም ከግል ባንክ ማግኘት የግድ ነው፤ የግል ባንክ ደግሞ ዋስ ሊጠይቅ ይችላል።

ሃርቫርድ፣ ዬልና ስታንፎርድ የሚረዱት በችግር መጠን ብቻ ሲሆን፣ ኮሎምቢያና ጆርጅታውን ግን ጥሩ ነጥብ ላመጣም ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ። ስለዚህ ኤልሳት ለመግባት ብቻ ሳይሆን ለገንዘቡም ነው። «ከተቀበላችሁኝ ሌላ ቦታ አልሄድም» ብለሽ የምትፈርሚበትን አስገዳጅ የቅድሚያ ማመልከቻ ተጠንቀቂ፤ ከፈረምሽ በኋላ የአንዱን ትምህርት ቤት ስጦታ ለሌላው አሳይተሽ ለመደራደር አትችዪም። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ካለሽ ደግሞ ለፈተናው ከመመዝገብሽ በፊት ኤልሳክ ከክፍያ ነፃ እንዲያደርግሽ ጠይቂ።

ጠያቂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፈተናውን እደግመዋለሁ፤ ማብራሪያውንም ለይቼ እጽፋለሁ። ሥራዬን ሳልለቅ መማር ይቻል እንደሆነ፣ የድጋፍ ደብዳቤንስ ከአለቃዬ ወይስ ከመምህር ልውሰድ የሚለው ብቻ ቀርቶኛል።

መልስ (የሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ፣ ዋሽንግተን ዲሲ)

ጆርጅታውን የማታ ጄዲ ስላለው ቀን እየሠሩ በአራት ዓመት መጨረስ ይችላሉ፤ ሃርቫርድና ኮሎምቢያ ግን ሙሉ ጊዜ ይጠይቃሉ። ደብዳቤውን በተመለከተ፣ ቢያንስ አንዱ ረዥም ጽሑፍዎን አንብቦ ያረመ የዩኒቨርሲቲ መምህር ይሁን። ሲጠይቁትም ያንን ጽሑፍ፣ ትራንስክሪፕትዎንና የግል መግለጫዎን ረቂቅ አብረው ይላኩለት፤ ከማመልከቻው መከፈት፣ ማለትም ከሴፕቴምበር፣ ሁለት ወር ያህል አስቀድመው ቢጠይቁት ተረጋግቶ ይጽፍልዎታል።