ሳይርበኝ መብላት ማቆም አቃተኝ፤ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ፣ የምኖረው ጅማ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሐዘኑ ሲመጣብኝ እበላለሁ። ማታ ሰው ሲተኛ መሶቡን ከፍቼ ደረቅ እንጀራ እየጠቀለልኩ፣ ጣዕሙ እንኳ ሳይታወቀኝ እጨርሰዋለሁ። ለጥቂት ደቂቃ ቀለል ይለኛል። ከዚያ ጸጸቱ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ መልሶ ያስበላኛል። በማግስቱ ላካክሰው ብዬ ምሳ ስዘል ማታ ይብስብኛል።

ጭንቀት ሲቆይ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን የምግብ ፍላጎትን እንደሚጨምር አንብቤያለሁ። ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት መብላትም ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ ሰፍሯል። ቤተሰቤ ግን «ወፈርሽ፣ ተመቸሽ» ነው የሚለኝ። ይህ በጣም ያመኛል።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ልሂድ? ሐኪሙን ምን ብዬ ልጀምርለት? ከባለሙያ ጋር በመነጋገር በሚሰጥ ሕክምና የተሻላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።