ሳነቴ ላይ የጥንቱን የበረዶ ግግር አሻራ ለተማሪዎች እንዴት ላሳይ?

መምህሩ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼን ይዤ ከጎባ ወደ ዶሎ መና በሚወስደው መንገድ ሳነቴ አምባ ልወጣ ነው። ባሌ ተራሮች ጥንት የበረዶ ግግር እንደነበራቸው አስተምሬያቸዋለሁ፤ ቦታው ላይ ግን ምኑን ጠቁሜ «ይኸው» እንደምላቸው ግራ ገብቶኛል። ቋጥኙን ናዳ ያወረደው ይሁን ጎርፍ ያመጣው በምን ልለይ? ዳገቱን ይዘው በመስመር የሚወርዱት ድንጋዮችስ የግግር ሥራ ናቸው?

ደገኛው፦ መምህር፣ ከቋጥኙ ግዝፈት አይነሱ፤ ናዳም ትልቅ ያወርዳል። ክምሩ ከምን ከምን እንደተሠራ ይዩ። ወራጅ ውሃ ይመርጣል፦ ጠጠሩን ከአሸዋው ለይቶ ያስቀምጣል፣ የድንጋዩንም ጠርዝ ያሞልጫል። ግግር ግን ቋጥኙን፣ ጠጠሩንና ደቃቁን አፈር ሳይለይ ባንድ ላይ ይጥላል። እንዲህ ያለው ድብልቅ ሸለቆውን በቅስት አቋርጦ ወይም ጎኑን ይዞ እንደ ረጅም ካብ ከተዘረጋ ሞሬን ነው። ናዳ ከሆነ ከበላዩ የተገመሰ ገደል አይጠፋም፤ ቀና ብለው ይፈልጉት።

ጅብራ፦ እኔ ቦታ ልጠቁም። ቶጎና ሸለቆ አናት ላይ 3,950 ሜትር ገደማ ከፍታ የጋርባ ጉራቻ ሐይቅ አለ። የተኛው ግግሩ አለቱን ቦርቡሮ በተወው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚያሳምነው እሱ ነው፤ ግን በእግር ስለሚኬድና አየሩ ስስ ስለሆነ ልጆቹን አያጣድፏቸው።

አለት ወዳድ፦ በመስመር የወረዱት ድንጋዮች የግግር ሥራ አይደሉም። አፈሩ በተደጋጋሚ እየቀዘቀዘና እየሟሟ ድንጋዩን ወደ ጎን ገፍቶ ያሰለፋቸው ናቸው። አንዳንዱ መስመር እስከ 1,000 ሜትር ይረዝማል፤ ዛሬ ሌሊት ሌሊት የሚጥለው ውርጭ ያን ያህል ድንጋይ የማንቀሳቀስ አቅም የለውም። ስለዚህ የድሮ ብርድ ምስክር ብለው ያሳዩዋቸው፤ «ግግር ገፋው» ብቻ አይበሉ።

የግግሩን ዕድሜ ከጠየቁ ደግሞ፣ ተመራማሪዎች በቋጥኞች ገጽ ላይ የጠፈር ጨረር የሚፈጥረውን ክሎሪን 36 ለክተዋል፤ መጠኑ ቋጥኙ ከግግሩ ወጥቶ ለሰማይ ከተጋለጠ ስንት ዘመን እንደሆነው ይናገራል። በባሌና በአርሲ ግግሩ እጅግ የሰፋው ከዛሬ 42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ሲሆን፣ ወደ 265 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍን ነበር። በዚያው ዘመን እዚያው ባሌ ፍንጫ ሀበራ በተባለው የዋሻ መጠለያ ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ ተማሪ ከሞሬን ይልቅ ይህን ነው የሚያስታውሰው!

መምህሩ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የሰሜን ተራሮች ገደልስ? አንድ ተማሪ እሱንም በረዶ ነው የቆረጠው ብሎኛል።

ደገኛው፦ አይደለም፤ ያ ገደል በዋናነት የወንዞች ሥራ ነው። የሰሜን ግግር አሻራ ያለው እንደ ራስ ዳሽንና ቧሂት ባሉት ከፍተኛ ጫፎች ዙሪያ ብቻ ነው።