ቀጭን ነኝ፣ ስኳሬም ደህና ነው፤ ኢንሱሊኔ ለምን ሰማይ ነካ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ፣ ግራ ገብቶኛል።

28 ዓመቴ ነው፣ ሴት ነኝ፣ ክብደቴ 52 ኪሎ። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬ 86፣ ኢንሱሊኔ ግን 41። ውጤቱ ወረቀት ላይ ጣሪያው 25 ነው የሚለው። ሐኪሙ ወረቀቱን አየት አድርጎ «ክብደት ቀንሺ» አለኝ። የምቀንሰውን ከየት ላምጣው?

ማጅራቴና ብብቴ ሥር ቆዳው ጠቁሮ፣ ወፈር ብሎ እንደ ከፋይ ጨርቅ ሆኗል። ቢታሽ ቢታሽ አይለቅም። ወር አበባዬም ይዘገያል። እናቴም ቀጭን ናት፤ አንገቷ ግን ቁርጥ የኔን ነው። ለዚህ ነው ከዘር ይሆናል ያልኩት።

ሳነብ ሁለት ነገር አገኘሁ። አንዱ የኢንሱሊን መቀበያው ጂን ላይ ያለ ችግር ነው። ሴሎች ኢንሱሊኑን በደንብ ስለማይሰሙት ቆሽት እየጨመረ ያመርታል። በዚህኛው ትራይግሊሰራይድ (ደም ውስጥ ያለ የስብ ዓይነት) ብዙውን ጊዜ አይጨምርም። ሌላው ኤልኤምኤንኤ የተባለው ጂን ሲበላሽ የሚመጣው ነው፤ የእጅና የእግር ስብ እየጠፋ ጡንቻና ደም ሥር ጎልቶ ይወጣል፣ ትራይግሊሰራይድም ይጨምራል። የኔ 70 ስለሆነ ልቤ ወደ መጀመሪያው አደላ። ሐኪም አይደለሁም እንግዲህ።

ሲ-ፔፕታይድ (ቆሽት ኢንሱሊን ሲያመርት አብሮ የሚወጣ ነገር) ልለካ? ቆሽቴ አብዝቶ እያመረተ ነው ወይስ ኢንሱሊኑ ከደሜ ቶሎ አልወጣ ብሎ ነው የሚለውን ይለያል ሲባል ሰምቻለሁ። የጂን ምርመራ ናሙና ወደ ውጭ የሚልክ ላቦራቶሪ አዲስ አበባ ውስጥ የምታውቁስ? እናቴም አብራኝ ትመርመር? ደግሞስ ጂኑ ቢገኝ ሕክምናው ይለወጣል ወይስ ያው ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒት ነው?