የችግር መግለጫ አጻጻፍ ላይ እርዱን፦ 4ኛ ፎቅ የማይደርስ ውሃ

ሰላም ለሁላችሁ። የዲዛይን ፕሮጀክታችን አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ያለ ባለ 4 ፎቅ ኮንዶሚኒየም ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ ምድር ላይ ባልዲ ሲሞላ 4ኛ ፎቅ ቧንቧው አየር ብቻ ይተፋል። እናቶች በየደረጃው ጀሪካን ይሸከማሉ፤ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም።

«ፓምፕ ያስፈልጋል» ማለት መፍትሔ መናገር እንጂ ችግሩን መግለጽ አይደለም። ደግሞም ፓምፕ በቀጥታ ከመስመር ከሳበ የጎረቤትን ውሃ ይሻማል፤ መስመሩ ባዶ ሲሆን ደርቆ ይቃጠላል።

የላይኛው ቧንቧ ከቆጣሪው 13 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። 10 ሜትር ከፍታ ወደ 1 ባር (የግፊት መለኪያ አሃድ) ስለሚበላ፣ ላይ 0.5 ባር እንዲቀር ከታች 1.8 ባር ይፈለጋል፤ በቱቦውና በክርኖቹ የሚባክነው ሳይጨመር ማለት ነው።

የተጣበቅነው እዚህ ላይ ነው፦ የጎደለው ግፊት ነው ወይስ ሰዓት? ሌሊት ግፊቱ 1.8 ባርን በደንብ ካለፈ ውሃው ላይ ስለሚደርስ ጉዳዩ የማጠራቀም ነው፤ ካላለፈ ግን የግፊት ነው። የግፊት መለኪያ ጌጅ ከቆጣሪው በኋላ ገጥመን፣ ውሃ እየፈሰሰም ተዘግቶም፣ ሙሉ የፈረቃ ቀን ብናነብ ይበቃል? መግለጫውን «4ኛ ፎቅ ያለ ቤተሰብ በቀን ይህን ያህል ሊትር ያግኝ» ብለን ብናስረውስ? ሊትሩን በነፍስ ወከፍ እንያዘው ወይስ በቤት? የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልን።